ለቁሐር የሰበሰብነው ዘር

አፌ አያርፍም። ወረታ ገበያ ባልዲ፣ ጀሪካንና የፕላስቲክ ጫማ ስሸጥ የኖርሁ ሴት ነኝና ዋጋ የሚያራክስብኝን፣ ዕቃዬን በሰው ፊት የሚያጣጥልብኝን ሁሉ እዚያው መልሼለት ነው የምውለው። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይቺ ልጅ ዝናብ ብትሆን ኖሮ በረዶ ነበረች» ይለኝ ነበር። ይህ አፌ ወንድሜን ምን እንዳደረገው ነው የምጽፈው። ጽፌው ይቀለኝ እንደሆነ እንጃ።

ትውልዳችን ቁሐር ሚካኤል ነው። እኔ በጋብቻ ወረታ ገባሁ፤ ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን መሬት እያረሰ እዚያው ቀረ። በበጋ ከሆነ ጠዋት ተነስቼ በእግሬ ለቁርስ የምደርስበት አገር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው ሁሉ ውሃ ይሆንና ወረታና ቁሐር እንደ ሌላ አገር ይራራቃሉ። እኔ ትምህርት ቤት የተማርሁት ወንድሜ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው። እሱ ሳይማር ቀርቶ እኔን ውሃውን ያሻግረኝ ነበር፤ ደብተሬን አናቱ ላይ አስቀምጬ ጆሮዎቹን ይዤ እሄዳለሁ። ጆሮውን አጥብቄ ስይዘው «ቀስ በይ እህት ዓለም፣ ለሚስቴም አስተርፊልኝ» ይለኝ ነበር።

ውሃውን ለምደነዋል። ሩዝ የቆመ ውሃ ይወዳል፤ የማይወደው የሚሄድ ውሃ ነው። ያን ዓመት በሐምሌ መጨረሻ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጣና ውሃው መሄድ ጀመረ። የወንድሜን ሩዝ ከነሥሩ ነቅሎ ወሰደው። ቤቱ ተደርምሶ ጭቃ ሆነ፣ ጎተራ ውስጥ የነበረው ዘር ረጥቦ ሻገተ፣ ከሁለት በሬው አንዱ በጎርፍ ተወሰደ። ሰው ተረፈ፣ ተመስገን። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ይፋግ ከተማ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች። እሱ ግን በሬዬንና መሬቴን ትቼ የትም አልሄድም ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለችው ደረቅ ቦታ ላይ ሸራ ወጥሮ ከጎረቤቶቹ ጋር ሰፈረ። ስልኩም ውሃ ገብቶበት ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ይህን ሁሉ የነገረኝ በታንኳ ተሻግሮ የመጣ የሰፈራችን ሰው ነው።

መልእክትም ልኮልኝ ነበር። «እህት ዓለምን ዘር ፈልጊልኝ በላት» ነው ያለው። ገንዘብ አላለም፣ ልብስ አላለም። ጎርፍ ሲሸሽ መሬታችን ጥቁር እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ እርጥበት ጓያና ሽምብራ ከተዘራበት ያለ ዝናብ ያፈራል። በሬው አንድ ቢሆንም አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ግን መሬቱ ደርቆ ሳይሰነጠቅ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በጥቅምት፣ ዘሩ መሬት መግባት አለበት። ያ ካልሆነ መሬቱን ምርቱን እኩል ለሚካፈል አራሽ ሰጥቶ ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ቆላ መውረድ ነው፤ ስድሳ ያለፈው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው! ወንድሜ ከመሬቱ እንዳይነቀል ዘር ያስፈልገው ነበር፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እኛ በየወሩ በአሥራ ሁለት የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር አለን። ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም የተቀላቀለበት ነው፤ ከሸዋም ከጎጃምም መጥቶ ወረታ የቀረ ሰው አለበት። ገንዘብ ያዧ እኔ ነኝ። ወሬውን እንደሰማሁ አባላቱን ሰብስቤ «ለወንድሜ ብቻ ሳይሆን እዚያ ሸራ ሥር ላሉት ሁሉ ዘር እንግዛ» አልሁ። ማንንም ቅር አላለው። ለልጁ ደብተርና ዩኒፎርም ያስቀመጠውን አውጥቶ የሰጠ አለ። እኔም የሱቄን መዞሪያ ገንዘብ አራግፌ ጨመርሁበት። ሌላም መርዳት የሚፈልግ ሰው እንዲደውል ብለን፣ የእኔን ስልክ ቁጥር የያዘች መልእክት ከስልክ ስልክ በተንን። ያቺ መልእክት የት የት እንደደረሰች እግዜር ይወቀው።

የነሐሴ ሚካኤል ዕለት ተራው እኔ ቤት ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ ዳቦና ንፍሮ ቀርቧል፤ የንስሐ አባታችን ጸሎቱን አድርሰው ተቀምጠዋል። ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። ሳነሳው ዕድሜ የጠገበ፣ ዝግ ያለ የካህን ድምፅ ነው። የቁሐር ሚካኤል አገልጋይ ነኝ አለኝ። ተፈናቃዮቹን የሚረዳ የሽማግሌዎች ኮሚቴ እንደተቋቋመ፣ ደግነታችንን ሰምቶ ሊመርቀን እንደደወለ ነገረኝ። «ሁሉም ልጆቼ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ» አለ። ከፍ አደረግሁት።

እንግዲህ እዩልኝ። ስልኩን ከዳቦው አጠገብ አስቀመጥነው። ሰውዬው በግዕዝ ጀመረ። ሁላችንም ብድግ! ወንዶቹ ነጠላቸውን አጣፉ፣ እኛም ተከናንበን አንገታችንን ደፋን። «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ሲል መሬት ነካን። ለስልክ! አቡነ ዘበሰማያት አድርሰን ስንቀመጥ እንባዋን የምትጠርግ ሴት ነበረች። በእኛ አገር የመረቀህን፣ የፈታህን ቄስ «ለመሆኑ ማን ነህ?» ብለህ አትጠይቅም። ነውር ነው። ምርቃቱን መልሶ ፊቱ ላይ እንደመወርወር ነው።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ዘር የጫነ መኪና ሐሙሲት ከተማ ላይ ቆሟል፤ ነጋዴው እስከ ማታ ካልተከፈለው ለሌላ ይሸጠዋል። የደብሩ ማኅተም በጎርፉ ስለጠፋ ገንዘቡ በአንድ የኮሚቴ አባል ስም ይግባ አለን። «የምን ዘር ነው አባታችን?» አልሁ። «ባቄላ ነው ልጄ» አለኝ።

ባቄላ! ቁሐር ላይ! ባቄላ የደጋ እህል ነው። ውሃ በጠጣው በዚያ ረግረግ መሬት ላይ ባቄላ የሚዘራ ሰው ቢገኝ ሚስቱ ጥላው ትሄዳለች። ይህን የቁሐር ሕፃን ያውቀዋል፤ የቁሐር ቄስማ ራሱ አራሽ ነው። አፌን ከፈትሁ። የንስሐ አባታችን ቀና ብለው አዩኝ፣ የተመረቀው ሰው ሁሉ አየኝ። መልሼ ዘጋሁት። አርጅተው፣ ተሳስተው ይሆናል ብዬ ለራሴ ምክንያት ፈጠርሁ።

ከመካከላችን የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ መምህር ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ። ስልኩን ዘግተን ስንመካከር «እትዬ፣ ዛሬውኑ ካልላካችሁ የሚባል ነገር ደስ አይለኝም» አለ። «እኛ ትምህርት ቤት ከቁሐር የመጡ ተፈናቃዮች ሰፍረዋል። ሄጄ እኒህን አባት ያውቋቸው እንደሆነ ልጠይቅ። ወረዳም ልጠይቅ። በግለሰብ ስም መላክ ግን ይቅርብን።» ትምህርት ቤቱ ከቤቴ ሩቅ አልነበረም። ደርሶ እስኪመለስ ንፍሮው እንኳ አያልቅም ነበር።

እኔ ምን አልሁ? ባቄላው ውስጤ እየጮኸ፣ «ምነው ሸዋ! ቄስ መታወቂያ አምጣ ይባላል እንዴ? እናንተ የአዲስ አበባ ሰዎች ሰው ሁሉ ሌባ ይመስላችኋል። ሸራ ሥር ያለው ያንተ ወንድም ቢሆን እንዲህ ትራቀቅ ነበር?» አልሁት። ሰው ሳቀ። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ዳቦውን መቁረስ ያዘ። እኔም እዚያው ተቀምጬ በስልኬ ላክሁት።

በመስከረም ውሃው ሲጎድል ወንድሜ እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሶ ሱቄ ድረስ መጣ። ከስቷል፣ ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል። አገላብጬ ስሜው ሳልጨርስ «ዘሩ ደረሳችሁ አይደል? ለሰዉ ተከፋፈለ?» አልሁት። ባቄላም ቢሆን ሸጠው ሽምብራ ይገዙበታል ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር የከረምሁት።

«የቱ ዘር?» አለኝ።

በዚያ ቁጥር ደወልሁ፤ ተዘግቷል። ቁሐር ላይ ለእኛ የደወለ ካህን የለም፣ የሽማግሌዎች ኮሚቴ የሚባል አልተቋቋመም፣ ሐሙሲት ላይ የቆመ መኪናም አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እየጮህሁ ፖሊስ ዘንድ ሄድሁ። ቃሌን ተቀበሉኝ። ገንዘቡ ግን የዚያኑ ዕለት ወጥቶ አልቋል አሉኝ።

ወንድሜ አልተቆጣኝም። ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ተይ አታልቅሺ፣ እህት ዓለም። የሰጠ አይጎዳም፣ የሚጎዳውስ የበላው ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ እንዲሰድበኝ ነበር የፈለግሁት። ስለ ባቄላው ልነግረው አልቻልሁም፤ እስከ ዛሬም አልነገርሁትም። ሊሄድ ሲነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላ መላ ይገኝ ይሆን? እስከ ጥቅምት ሚካኤል መሬቱ ይቆየኛል። የሚቀናጀኝ ጎረቤትም ዘር የለውም፤ የሁለታችንም ልጆች ያንኑ ነው የሚጠብቁ» አለኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ አመጣልሃለሁ። ሚካኤልን! እኔ ሳልመጣ መሬቱን ለማንም እንዳትሰጥ» ብዬ ማልሁለት። «እሺ፣ ጠብቀኝ ካልሽኝ እጠብቃለሁ» አለኝና ጭቃው ሳይደርቅለት ተመልሶ ሄደ።

ሁለተኛ ጊዜ መለመንን እግዜር አያሳያችሁ። በየቤቱ ዞርሁ። «ሰጥተናል እኮ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ሰጥተዋል። አንዷማ በሩን ገርበብ አድርጋ «ደግሞ ለየትኛው ቄስ ነው?» አለችኝ። እኔ፣ ለሁሉ መልስ የማላጣው፣ ነጠላዬን ሰብስቤ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድሁ። የንስሐ አባታችን እንኳ በማኅበሩ ፊት ተነስተው «ጥፋቱ የኔ ነው። ካህን ካህንን ይጠይቃል፤ ከየት ነህ፣ ማን ሾመህ ማለት ነበረብኝ። ምርቃት ሰምቼ አፈርሁ» ብለው አለቀሱ። ሽማግሌ ቄስ ሲያለቅስ ማየት ከገንዘቡ ይልቅ አንገበገበኝ።

የደገፈኝ ያው የሰደብሁት መምህር ነው። ይቅርታ ልጠይቀው ብጀምር «ተይው እትዬ፣ ሥራ አለብን» አለኝ። «አሁን ገንዘብ አንሰብስብ። ሰው የሚያየውን ነገር እንሰብስብ። ሽምብራ ያለው ሽምብራ ይስጥ። ብር የሚሰጥ ካለ ራሱ መጥቶ ይፋግ ገበያ ዘሩን አብሮን ይግዛ። ለሁሉም ደረሰኝ እንስጥ። ቀበሌው የተጎጂዎቹን ስም ዝርዝር ይዞ ይቆማል፣ እኛ በእጃችን እናስረክባለን።» የሰው ልብ መመለስ ጀመረ። አንድ ጣሳ ጓያ፣ ሁለት ጣሳ ሽምብራ እያለ መጣ። ግን ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ጥቅምት ገባ፣ ሚካኤል አለፈ። ጆንያው ገና አልሞላም። ወደ ቁሐር ሄጄ ጥቂት ታገሠኝ ማለት ነበረብኝ፤ አልሄድሁም። ባዶ እጄን በምን ዓይኔ ልየው?

በዚያው ሰሞን ደግሞ ስልኬ መከራዬን አበላኝ። ቁጥሬ ሌቦች እጅ ገብቶ ኖሯል። አንዱ ይደውልና «የተበላሽውን ገንዘብ አስመልሰናል፣ የሚስጥር ቁጥርሽን ንገሪን» ይለኛል። ሌላዋ ሽልማት ደርሶሻል ትለኛለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና የማላውቀውን ቁጥር ጨርሶ ላላነሳ ቆረጥሁ። ከጥቅምት ሚካኤል ማግስት አንድ ቁጥር ደወለ፤ አላነሳሁም። በነጋታው ያው ቁጥር ደወለ፤ ዘጋሁበት። በሦስተኛው ቀን ገበያው ሞልቶ፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ፣ አሁንም ደወለ።

ደሜ ፈላ። አነሳሁና ትንፋሽ ሳልሰጠው «አንተ ሌባ! እጅህ ይቆረጥ! የድሃ እንባ ጠጥተህ አልጠግብ አልህ? ከእኔ ዘንድ የቀረህ ነገር የለም፣ አንዲት ፍሬ አታገኝም፤ ሁለተኛ ብትደውል ውርድ ከራሴ!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ገበያተኛው «እሰይ፣ አበጀሽ!» አለኝ። መምህሩ ሲመጣ በኩራት ነገርሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ያ ቁጥር አልደወለም።

ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጆንያዎቹ ሞሉ። በሁለት ጋሪ ጫንንና ጠዋት ተነሳን፤ መምህሩ፣ ሁለት የማኅበር ሰዎችና እኔ። በመንገድ ከጋሪው እየወረድሁ መሬቱን በጣቴ እጫነው ነበር። ላይ ላዩ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ደርሰናል፣ አልረፈደም እያልሁ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ የቀበሌው ሰው ዝርዝሩን ይዞ ስም መጥራት ጀመረ፤ የተጠራው እየመጣ ጆንያውን ዘርግቶ ይቀበላል፣ ይፈርማል። የወንድሜ ስም ሲጠራ የሚመልስ ጠፋ።

«ወንድም ጋሼስ?» አልሁ።

የመለሰችልኝ ከጎኔ የቆመችው የጎረቤቱ ሚስት ናት፤ የዚያ የሚቀናጀው ሰው ሚስት። «አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ። «መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ መተማ ወረደ። በሬውንም ሸጦታል። ይኸው ሳምንት አለፈው።» በእጇ አሳየችኝ። ከማዶ አንድ የማላውቀው ሰው ጥንድ በሬ ጠምዶ የአባታችንን መሬት እያረሰ ነው።

«እመጣለሁ ብዬው ነበር እኮ! ማልሁለት እኮ!» ብዬ ጮህሁ።

«ጠበቀሽ እንጂ፣ ምን ያርግ» አለች ሴትዮዋ። «ሚካኤል ካለፈ በኋላ አላስችል ሲለው በእኔ ስልክ ሦስት ቀን ሙሉ ሲደውልልሽ ነበር። ‹ቆይ ካለችኝ ጦሜንም አድሬ እቆያለሁ፣ የለም ካለችኝም ቁርጤን ልወቅ› ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን አገኘሽ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አንድ ቃል ሳይናገር ሰማ፣ ሰማና መለሰልኝ። ምን አለችህ ብለው ‹ደህና ናት። ዘንድሮ አልሆነላትም። ምስኪን፣ ደክሟታል› አለኝ። በነጋታው ተነስቶ ሄደ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዘሩ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ሌላ ሰው ቢሆንስ፣ እኔ የሰደብሁት እውነተኛ ሌባ ቢሆንስ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ሦስት ጊዜ የደወለውን ያን ቁጥር ፈለግሁና ደወልሁ። የሴትዮዋ መቀነት ውስጥ ስልክ ጮኸ። ፈታ አወጣችው፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው። ቁጥሩን አላወቀችውም። ቢሆንም አነሳችው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለች። አንዴ ከጎኔ፣ አንዴ ከስልኬ ውስጥ ሰማኋት።

የወንድሜን ድርሻ ይፋግ ላለችው ሚስቱ ወሰድሁላት። ከቆላ የተመለሱ ሰዎች አንዱ እዚህ እርሻ አየሁት ይላል፣ ሌላው እዚያ። እኔ ዛሬም ዓይኔ ሳያይ፣ እጄ ሳያስረክብ ለማንም ገንዘብ አልልክም፤ ቄስም ቢደውል በትሕትና አመሰግንና የሚያውቀውን ሰው ጠይቄ አጣራለሁ። በዚህ አላፍርም። ስልክ ግን አነሳለሁ። የማንም ቁጥር ቢሆን አነሳለሁ፣ ገበያ ሞልቶም ቢሆን አነሳለሁ፣ የሚደውለውም መጀመሪያ እንዲናገር ዝም እለዋለሁ። ብዙዎቹ ሌቦች ናቸው። ሰሊጡ ታጭዶ ካለቀ ቆይቷል፤ ወንድሜ እስካሁን አልደወለም።